የጠጪው ኀላፊ ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ቀድሞ በየከተማው ዳር አንድ ምልክት ሳያይ አያልፍም ነበር፤ ይኸውም በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ጽሕፈት የለበትም፤ ሥዕልም የለበትም። ቢሆንም ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም እኩል ያነበው ነበር፤ በዚህ ቤት ጠላ ደርሷል ማለት ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚመላለስ ሰው ልብ ብሎ ቢመለከት፣ ጣሳ የተደፋባቸው እንጨቶች አንሰው፣ በምትካቸው ደማቅ ቀለም የተቀቡ ግሮሰሪዎችና ድራፍት ቤቶች በዝተው ያገኛል። በጊንጪም እንዲሁ ነው፤ በአምቦም በጉደርም እንዲሁ ነው።

ስለ መጠጥ ሲነሣ በአገራችን ሁለት ዓይነት ንግግር ተለምዷል። አንደኛው መጠጥ ከነስሙ ይጥፋ የሚል ተግሣጽ ነው፤ ሁለተኛው የዱሮ ጠጅ ቤት እንዴት ያለ ነበር የሚል ትዝታ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ሰው ጠጥቶ ራሱን መግዛት ባቃተው ሰዓት የእርሱ ነገር የማን ነው? የራሱ ነውን? የቀጂው ነውን? የጠማቂው ነውን? ወይስ የማንም አይደለም? ጠላ ቤቱ ሲዘጋና ድራፍት ቤቱ ሲከፈት የተለወጠው የመጠጡ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልተነሣን ነበር።

ነገሩ በዓይን እንዲታይ ወደ አንድ ቤት እንግባ። በጊንጪ ከገበያው ኋላ የነበረ የጠላ ቤት ነው። የባለቤቲቱን ስም አንጠራም፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ደንበኞቻቸው ሃርሜ፣ አማርኛ ተናጋሪዎቹ እማማ ይሏቸው ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ገብሱን ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ፤ ብቅሉን ራሳቸው ያበቅላሉ፤ አሻሮውን ይቈላሉ፤ ጌሾውን ይወቅጣሉ፤ ጋኑን በወይራ ጢስ ያጥናሉ። ወይራው የሚመጣው ከጭልሞ ነው። ጭልሞ ከጊንጪ በስተ ሰሜን ያለው፣ ጥድና ዝግባ ወይራም የሚበቅልበት የደጋ ደን ሲሆን፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስፋቱ እጅግ ቀንሷል፤ ዛሬ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚጠብቁትና የሚጠቀሙበት ነው። በደጉ ጊዜ የደኑ ማር ለጠጅ፣ የደኑ ወይራ ለጠላ ጋን ይወርድ ነበር። ከዚያ ቤት ጣሳ የሚያነሣ ሰው የሚጠጣው ነገር ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ ሳይጠይቅ ያውቀዋል፤ ጠላው ቢመረው ወይም ሆዱን ቢነፋው፣ የሚወቅሰው ሰው በፊቱ ቆሟል።

ተቀማጩም እንደ ዛሬው በየጠረጴዛው የተለያየ አልነበረም። መደቡ አንድ ስለ ሆነ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦታ የሚያገኘው የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ሲሉለት ነው። የወረዳው ጸሓፊ ከወናፍ ነፊው ጎን ይቀመጣል፤ ትናንት በድንበር የተጣላም ከባላጋራው ፊት ለፊት ይውላል። ሽማግሌ ለመላክ የሚፈልግ ሰው ሽማግሌዎቹን ቤት ለቤት አይዞርም፤ እዚያ ያገኛቸዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በገበያ መሐል ወይም በዕድር ድንኳን ሥርም የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ ብዙ አናራዝመውም። በዚያ ቤት ብቻ አይተነው በሌላ ስፍራ ያላየነውን ግን እንናገራለን።

በገበያ ቀን በሬ ወይም ጤፍ የሸጠ ገበሬ ወደ እማማ ቤት ሲገባ፣ ከመቀመጡ አስቀድሞ ገንዘቡን ከወገቡ ይፈታል። ለሁለት ለሦስት ጣሳ የሚበቃውን ለይቶ በእጁ ያስቀርና የተረፈውን ለባለቤቲቱ ያስረክባል። እርሳቸውም በፊቱ ቈጥረው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ማታ ሞቅ ሲለው «ገንዘቤን!» ቢላቸው አይሰጡትም፤ ቢቈጣም፣ ቢሳደብም፣ ቢያለቅስም አይሰጡትም። በነጋታው ልቡናው ሲመለስ ራሱ ይመጣል፤ ወይም ሚስቱ ትመጣለች። ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምስክሩ መደቡን የሞላው ሰው ነው። ሌሊት በነጠላው ቋጠሮ ምክንያት የስድብ ዓይነት ሲያወርድባቸው ያመሸ ሰው፣ ጧት አንገቱን ደፍቶ ከደጃፋቸው ቆሞ ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ሦስተኛው ጣሳ ሲቀዳ የሰውየውን ፊት ያያሉ። በዝቶበት እንደ ሆነ ሳይናገሩ ቅራሪውን ይቀዱለታል፤ ከዚያም ካለፈ «አልቋል» ይሉታል። ጋኑ እንዳላለቀ እርሱም ያውቃል፤ መደቡም ያውቃል። ነገር ግን ቤቱ የእርሳቸው ነውና ማንም አይከራከርም። ቤቱ ሩቅ ለሆነ ሰው በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ይፈልጉለታል፤ ካጡም በመደቡ ላይ አጐዛ አንጥፈው ያሳድሩታል።

ይህ ሥርዓት ሁልጊዜ ተሳክቶለታል ብንል ግን እንዋሻለን። በአንድ የሐምሌ ሌሊት እማማ ልጃቸው ታማባቸው ወደ ጓዳ ገብተው ሳለ፣ አንድ አናጢ ማንም ሳይከተለው ወጣ። ዝናብ ነበር። ጧት ከድልድዩ ሥር በፈሳሹ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እማማ በዚያው ቀን ጣሳውን አወረዱ። ለቅሶ ቤት በሄዱ ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ገብተው አልተቀመጡም፤ ከደጅ በመሬት ላይ ተቀምጠው «የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አሉ። እስከ አርባው ድረስ አልጠመቁም፤ ከዚያም ወዲህ በየመከሩ ለሟቹ ልጆች እህል ይሰፍሩላቸው ነበር። ፖሊስ አልጠየቃቸውም፤ ዳኛም አልፈረደባቸውም።

ይህ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ላይ ባለች በሌላ ከተማ፣ የምናውቀው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ድራፍት ቤት የእንግሊዝን የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲመለከት ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት ጠጥቶ፣ በሞተር ብስክሌት ሲመለስ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ወደዚያ ቤት ጎራ ብለን ስለዚያ ምሽት ጠየቅን። በዚያ ቀን የነበረው አሳላፊ ሥራ ለቋል። ባለቤቱ በሌላ ከተማ ይኖራል። ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው፤ የሰማውም ነገር ከልቡ አሳዘነው። ከዚያም መዝገቡን አገላብጦ ሲያበቃ «ሒሳቡን ከፍሎ ነው የወጣው» አለን።

በዚህ ቃል ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። ልጁ የሚያውቀውን ግዴታ ተናገረ፤ ሻጭ ሰጥቷል፣ ገዢ ከፍሏል፣ በመካከላቸው የቀረ ነገር የለም። «የቀዳሁለት እኔ ነኝ» ያሉት ሴትና «ሒሳቡን ከፍሎ ነው የወጣው» ያለው ልጅ በጠባይ ቢመዛዘኑ ምናልባት አይበላለጡም። የተለያዩት ቤቶቻቸው ናቸው። በአንደኛው ቤት ጠማቂም፣ ቀጂም፣ ባለቤትም፣ ጎረቤትም አንድ ሰው ነው። በሁለተኛው ግን ይህ ሰው ለብዙ ተከፋፍሏል፤ ለእያንዳንዱም የደረሰው የኀላፊነት ድርሻ ከማነሱ የተነሣ በእጅ የሚጨበጥ አልሆነም።

በቢራ ላይ ቂም የለንም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነውና፣ ቢራ ለአገራችን ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። የአምቦ ሰው ደግሞ ከጠርሙስ ጋር ከብዙዎች ቀድሞ ተዋውቋል፤ ከተማይቱን ስመ ጥር ያደረጋት ውኃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ነው፤ የጎረቤቷም የጉደር ስም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ አገሩን ዞሯል። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው፤ የያዘውም መጠን የታወቀ ነው፤ ኀይሉ ተለክቶ ይጻፍበታል። የጠላ ጋን ይህ ሁሉ የለውም። ማር በተወደደ ጊዜም ስኳር በቀለም አሳምሮ ጠጅ ነው ብሎ የሚሸጥ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ የዱሮው ቤት ሁሉ የእማማ ቤት ነበር ብለን አናታልል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተሸጠ፤ የበደሌውና የሐረሩ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንዱ ሃይኒከን ንብረት ሆኑ። ይህ በንግድ ዓለም የሚደረግ ነገር ነው፤ ለብዙ ሰውም ሥራ ሰጥቷል። ነገር ግን በጊንጪ ድልድይ ሥር የወደቀ ሰው ቤተ ሰብ፣ ከለቅሶው ደጃፍ መጥቶ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ከአምስተርዳም ወይም ከፓሪስ ሊጠብቅ አይችልም።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰብን እኛ ብቻ እንዳይመስለን፣ ያ ወጣት ኳሱን ይመለከትላት ወደ ነበረችው አገር ዘወር እንበል። እንግሊዞች የመጠጥ ቤታቸውን ፐብ ይሉታል፤ ቃሉ ሲተረጐም የሕዝብ ቤት ማለት ነው። የዚያው አገር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንደ ቈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ52 ሺሕ በላይ የነበሩት እነዚህ ቤቶች በ2018 ከ39 ሺሕ በታች ሆነዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በየመደብሩ ርካሽ ቢራ ገዝቶ በቤት መጠጣት ተለመደ፤ የቤትና የመሬት ዋጋ ናረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ደንብ ታላላቆቹን ጠማቂዎች ብዙ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ ሲያደርጋቸው፣ ቤቶቹ ከጠማቂ እጅ ወጥተው ኪራይ ሰብሳቢ በሆኑ ኩባንያዎች እጅ ወደቁ። ከዚህ ሁሉ የእኛን ልብ የሳበው አንድ ትንሽ ነገር ነው። በዚያ አገር በቀድሞው ሕግ የመጠጥ ቤት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ስሙ ከበሩ በላይ መጻፍ ነበረበት። ለሰከረ ሰው መጠጥ መሸጥም እስከ ዛሬ በሕግ የሚያስቀጣ ነው። በእማማ በር ላይ የተጻፈ ስም አልነበረም፤ ነገር ግን ጣሳው የማን ጣሳ እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሁለቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ በዚህ ቤት ለሚሆነው ነገር የሚጠየቅ ሰው አለ።

በ1946 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኦርዌል የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ ስለሚወደው የመጠጥ ቤት ጻፈ። ቤቱ ጫጫታ የሌለበት፣ ቀጂዎቹ ደንበኞቻቸውን በስም የሚያውቁ፣ ልጆችም በአትክልቱ ሥፍራ የሚጫወቱበት መሆኑን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ቤት በእውነቱ እንደሌለ አምኖ ተናገረ። እኛም ስለ እማማ ቤት ስንጽፍ እንደዚሁ ያለ ቤት በሐሳባችን ሠርተን እንዳይሆን ሠጋንና፣ የቤቱን ጓዳ የምታውቀውን ልጃቸውን ጠየቅናት። ዛሬ በአምቦ መምህርት ናት። ያሰብነውን ስንነግራት በትዕግሥት ሰማችን፤ ከዚያም እንዲህ አለችን።

«እናንተ ወንዶች የምታስታውሱት ከምሽቱ ያለውን ነው፤ እኔ የማስታውሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያለውን ነው። የእናቴ ዓይን የደከመው በወይራው ጢስ ነው፤ ወገቧን የሰበረው ጋኑ ነው። የሃያ ሰው ልቡና በአንዲት መበለት ነጠላ ተቋጥሮ ያድር ነበር፤ የእርሷን ማን ጠበቀላት? ገንዘባቸውን የጠበቀችላቸው ሰዎች ልጆች በትምህርት ቤት ‹የጠላ ሻጭ ልጅ› ብለው ሲሰድቡኝ ነው ያደግሁት። ጣሳውን ያወረድሁት እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ደመወዜ።»

ለዚህ ንግግር ወዲያው መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ አለን አንልም። እርሷ ያለችው እውነት ከሆነ፣ መልካም ነው ብለን ያደነቅነው ነገር የሃያ ወንዶችን ሸክም በአንዲት ድኻ ሴት ጫንቃ ላይ ያኖረ ግፍ ነው። ታዲያ ሸክሙ ወደ ባለቤቱ፣ ማለት ወደ ጠጪው መመለስ አለበት አያሰኝምን? ይህን ያሉ ጥንታውያን አሉ። የሚቲሊኒው ፒታቆስ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ካልሰከረው ይልቅ እንዲቀጣ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ አሪስቶትልም የሰካራም ቅጣት እጥፍ መሆኑን ሲደግፍ፣ ያለመስከር በእጁ የነበረ ሰው ለማያውቀው ነገር ራሱ ምክንያት ሆኗል ይላል። የእኛም የወንጀል ሕግ ሰው በገዛ ጥፋቱ ራሱን ስቶ ከኀላፊነት እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ነገሩ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ቅጣት የሚመጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ ከድልድዩ ሥር ለወደቀው አናጢ የፒታቆስ ሕግ ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ ወደዚያ ገንዘቡን ወደሚያስረክበው ገበሬ እንመለስ፤ እርሱን በሚገባ ያላስተዋልነው ይመስለናል። ይህ ሰው ኀላፊነቱን የጣለ ሰው አይደለም። ልቡናው በራሱ ላይ ሳለ፣ በኋላ የሚመጣውን ሌላውን ራሱን ያውቀዋል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ሌላ ሰው ይሾምበታል። «ማታ ብለምንሽ አትስጪኝ» ማለቱ ነው። ያልሰከረው ሰው ለሰካራሙ የሚያደርገው ከዚህ የበለጠ ነገር አናውቅም። ለዚህ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛ ራሱን የሚያውቅ ጠጪ፣ ሁለተኛ እምቢ ማለት የሚችል ተቀባይ። ተቀባዩ ጠጪው በጠጣ ቍጥር ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም ነገ በዚያ የማይገኝ ከሆነ፣ እምቢታው ከየት ይመጣል?

የመምህርቲቱ ክስም የሚጸናው እዚህ ላይ ነው። እማማ የጠላውን ዋጋ ተቀብለዋል፤ የጥበቃውን ዋጋ ግን የከፈላቸው የለም። አደራ ጠባቂ ሆነው ሳለ በአገሩ ዘንድ የሚጠሩት በጠላ ሻጭነት ነው። ያን ሥራ ክብርና ደመወዝ ሳንሰጠው በነጻ ተጠቅመንበት፣ ሲጠፋ «የዱሮ ቤት ቀረ» እያልን የምናዝን ሰዎች ለራሳችን ሐዘን ትንሽ ማፈር ይገባናል።

መንግሥት በበኩሉ አንድ ነገር አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም አዘዘ። በዚህ አዋጅ ደስ ብሎናል። በዚህ አገር ደግሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት መጠጥ የማይቀምሱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ይህ ጥያቄ የሚነሣው ከወንድማቸው ወይም ከልጃቸው በኩል ብቻ ነው። አዋጁ ሰውየው ከመግባቱ በፊት ያለውን ይጠብቃል፤ ፖሊስና ዳኛ ከወጣ በኋላ ያለውን ይይዛሉ። በመካከል፣ ከሦስተኛው ብርጭቆ እስከ በሩ ባለው ጊዜ ውስጥ ፊቱን የሚያይ ማን እንደ ሆነ ግን በወረቀት የሚጻፍ አይደለም። አንዳንድ ወጣቶች ከመካከላቸው አንዱ ሳይጠጣ አምሽቶ ሌሎቹን የሚያደርስበትን ልማድ እንደ ጀመሩ አይተናል፤ ያ ልጅ የእማማን ነጠላ ለብሷል ማለት ነው።

በቅርቡ በጊንጪ አልፈን ነበር። የእማማ ቤት የነበረበት ስፍራ ዛሬ ድራፍት ቤት ነው፤ ገበያው ግን አልተለወጠም። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ አንድ ከደጋ የወረዱ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት፤ የሚያውቁትን መደብ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ከዚያም ከወገባቸው የተጠቀለለ ገንዘብ ፈትተው፣ ጥቂት ብር በእጃቸው አስቀርተው፣ የቀረውን ለአሳላፊዋ ዘረጉላት። ልጅቱ ተቀብላ በጥንቃቄ ቈጠረችው፤ በዝቶባትም ግራ ተጋባች።

«አባባ» አለቻቸው፣ «ያዘዙት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ፊቷን ቀና ብለው አዩ። እኛም ከጎናቸው ተቀምጠን ነበር፤ ከእኛም አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም።